ቀንድ ያወጣ ስናር

አስተማሪው በጠመኔ አንድ ዛላ ሣለ፣
ከዛላውም መሐል ጥቁር ቀንድ አበቀለ።
«ፈንገስ ነው» አለን፣ «ፍሬ የሚመስል፣
ፍሬውን አባሮ በቤቱ የሚውል።
ፈረንጆች ሕመሙን የእንጦንስ እሳት ይሉት ነበር፣
ገዳም ሊሳለሙ ሲሄዱ እግራቸው መንገድ ላይ ሲቀር፤
አዋላጆቻቸውም ይሰጡት ነበር፣ ምጥ ሲከብድ፣ በቁንጥር።»
ደብረ ብርሃን ነው፤ የኅዳር ውርጭ ጠዋት፣
ጋቢ ከጋዋን ላይ የደረብንበት።
ሁሉም ሲጽፍ የእኔ እስክሪብቶ ቆመ።
ይህንን አውቀዋለሁ።
በሰፌድ ላይ አይቼዋለሁ፣ ከስናሩ ጋር ሲዘል፤
የአይጥ ኩስ መስሎን ነበር፣ ስንለቅመው ስንጥል።
ኋላ መልቀሙም ቀረ፤ ራብ ዓይን የለውም።

መንዝ፣ ጌራ ላይ ነው፣ ከጓሳው አፋፍ ሥር፤
ክረምቱ አልወጣ አለ፤ ገብሱን ውርጭ ቀማን፤ የቀረልን ስናር።
ስናር ማንም አይዘራው፣ ራሱን ይዘራል፤
ጠግበው ሲነቅሉት አረም፣ ሲርብ እህል ይባላል።
ከጎታችን ጥግ ላይ ነበረን ቁና ስንዴ፣
አባቴ አልነካውም፣ ስናለቅስ እንኳ፣ አንዴ።
«የማርያም መገበሪያ ነው፣ እንዳትነኩት ዳግመኛ!»
ነጩ ለመቅደሷ፣ ጥቁሩ ግን ለእኛ።
እናቴ ዝም አለች። ዝምታዋን ዛሬም
እሰማዋለሁ እኔ፤ ሌላ የሰማው የለም።

መጀመሪያ እሳት መጣ፣ ከቆዳ ሥር የሚሄድ፤
«ጉንዳኑን አራግፉልኝ!» ይላል አባቴ፣ መደቡን ሲንድ።
ቀጥሎ ራእይ አየ፤ ከድንጋዩ ግድግዳ
ፈረሰኛ ሲወጣ፣ ሲገባ እንደ እንግዳ።
አንዱ «ዛር ነው» አለ፣ አንዱም «ቡዳ በላው»፤
መሪጌታ ኅሩይ ክታብ ጽፎ አሰረው፤
ጠበሉም ተረጨ።
ከዚያ እግሩ በረደ። ጣቶቹ ጠቆሩ፤
አንዲት ደም ሳትፈስ ተራ በተራ ቀሩ።
እናቴ በጨርቅ ቋጥራ ቀበረቻቸው።
የት እንደሆነ አልጠየቅናትም።

አሁን መሐል ሜዳ ነኝ። ሌሊት ነው፤ መብራት የለም፤
በስልኬ ብርሃን ነው የማየው ያን ደም።
ዘነበወርቅ ትባላለች፤ ሃያ ሁለት ነው ዓመቷ፤
«ማርያም! ማርያም!» ትላለች ከበሩ ውጭ እናቷ።
ልጁ አልቅሷል፤ እንግዴ ልጁም ወጥቷል፤ ደሙ ግን እምቢ አለ፤
ማህፀኗ እንደ ሊጥ ላልቶ ከመዳፌ ሥር ተንከባለለ።
የመጀመሪያው መርፌ አልሠራም። ሁለተኛው
ቡናማ ብልቃጥ ነው፣ ከብርሃን የተሸሸገው።
ግፊቷን ለካሁ። ሰበርሁት አንገቱን።
ከጭኗ ላይ ወጋሁ የአባቴን ጠላቱን።

አራት ደቂቃ ሲሆን ከእጄ ሥር ደነደነ፤
ሊጡ ተሰበሰበ፣ የተጨበጠ ቡጢ ሆነ።
ያው አጨባበጥ ነው፤
በአባቴ እግር ውስጥ የደሙን በር ሁሉ አንድ በአንድ የዘጋ፤
ያው እጅ ዛሬም ዘጋ፤ ለዘነበወርቅ ግን ነጋ።

ለአባቴ ነገርሁት፣ በፋሲካ ማግስት፣
ከድንጋይ ካቡ ሥር ፀሐይ ሲሞቅበት።
«ያ ጥቁር ፍሬ» አልሁት «መድኃኒት ነው ለካ፤
ያድናል ሰው ሲሰፍረው፣ ይገድላል ሳይለካ።»
ብዙ ዝም አለ።
ግማሽ ጫማውን አወለቀ፤ እግሩን አየ፤ መልሶ አጠለቀ።
«ስንዴውን» አለኝ፣ «ያን ጊዜ ብንበላው ኖሮ፣
ማርያም ትቀየመን ነበር?»

ከጓሳ የመጣ ነፋስ የጣሪያውን ሣር ነካካ።
መልስ አልነበረኝም። አዋላጅ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁ።

የዘነበወርቅ እናት ገብስ ላኩልኝ፣ አንድ ቁና፣ ለገንፎ።
ሳላስፈጨው በሰፌድ ላይ ዘረገፍሁት፣ በመስኮቱ ብርሃን።
ለቀምሁ። ጥቁር አላገኘሁም።
ደግሜ ለቀምሁ።